ፊትን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፦ የሙከራ ተውኔት ምላሽ አመዘጋገብ በደሴ

ተውኔቱ አንዲት ተዋናይት ብቻዋን የምትጫወተው የ55 ደቂቃ ሥራ ነው። ሴትየዋ ጥጥ እየፈተለች ወሬ ትጀምራለች። ወሬዋ እየቆየ ውሉ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ልቃቂቱም እሷም ይተረተራሉ። ባል አይገባም፣ ጎረቤት አይገባም፣ «እንዲህ ሆና ነው» ብሎ የሚያስረዳ የለም። መድረኩ ላይ ያለው እንዝርት፣ ልቃቂት፣ የከሰል ምድጃ፣ የቡና ምጣድ፣ ጀበና፣ ዘጠኝ ሲኒ፣ በርጩማ፣ መስታወት፣ ቁልፍና አንድ እግር ጫማ ነው። ደሴ ላይ ስድስት ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጊዜ አሳይተነዋል፤ አዘጋጁ እኔ ነኝ። የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ወደ ወሎ ለሚመጣ ወይም እዚሁ ለሚጀምር ሰው ነው። ምላሹን እንዴት እንደያዝን፣ የቱን በስህተት እንደተረጎምን፣ ምን እንደቀየርን ይኸው።

በር ላይ ቆሞ «እንዴት ነበር?» ማለት ምንም አያስገኝም። «ሸጋ ነው፣ በርቱ» ይባላል፤ ይመረቃል፤ ያልቃል። የደሴ ሰው የለፋን ሰው ፊት ለፊት ወቅሶ አይሸኝም። እውነተኛው መልስ ያለው በ55 ደቂቃው ውስጥ ነው፤ በሳቅ፣ በከንፈር መምጠጥ፣ በወንበር ሲጥሲጥታ፣ ከአፍ በሚያመልጥ ቃል። ስለዚህ ሦስት መዝጋቢዎች አስቀመጥን። ሦስቱም ግድግዳ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከኋላ ረድፍ ትይዩ። አዳራሹ 80 ወንበር ይይዝ ስለነበር ለአንድ መዝጋቢ ከ25 እስከ 30 ሰው ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይን አይደርስም።

ለእያንዳንዳቸው የተውኔቱን ጽሑፍ በወረቀቱ አንድ ጎን ብቻ አትመን፣ በቀኝ በኩል 7 ሳንቲ ሜትር ባዶ ትተን ሰጠናቸው። በልምምድ ላይ በሰዓት እየለካን በየደቂቃው መስመር አስምረንበታል። ምልክቶቹ ባለ አንድ ፊደል ናቸው፦ ሳ ሳቅ፣ ዝ ዝምታ፣ ከ ከንፈር መምጠጥ፣ ቃ ከተመልካቹ የወጣ ቃል፣ ስ ስልክ፣ ወ ተነሥቶ የወጣ። ቃ ከሆነ ቃሉ ራሱ እንደተባለው ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ስልክ ላይ መጻፍ የጨለማውን አዳራሽ ያበላሻል። ሦስቱ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ቡናው ምጣዱ ላይ ሲፈስ በሚሰማው የመጀመሪያ ኮሽታ ነው። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን እናደርጋለን፤ ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልተስማሙበትን ምልክት እንሰርዛለን።

የመጀመሪያው ቀን ወረቀት አንዱ 12 ደቂቃ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መዝጋቢዋ ተዋናይቷን ማየት ጀምራ አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ28ኛው ደቂቃ ላይ የመዝጋቢ ቅያሬ አለ፤ ተተኪው ከውጭ በጎን በር ይገባል። የተዋናይቷን ጓደኛና ዘመድ ለመዝጋቢነት አትውሰዱ፤ ሌላው ሰው ሳይስቅ እሱ ይስቃል፤ ሌላው ሰው ሳይሰለች እሱ ይሰጋል።

ዝምታን መመዝገብ ከሁሉም ይከብዳል። የተሳበ ዝምታና የሰለቸ ዝምታ በጆሮ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚለያቸው ሳል ነው። የተሳበ ሰው ሳሉን ይይዛል፤ የሰለቸ ሰው ይለቀዋል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ብቻውን ያስላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የተሳለውን ቆጥረን እንደ መነሻ ያዝን። ከዚያ በታች ሲወርድ «ዝ»፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ ደግሞ «ዝ» ላይ ጭረት። በዚህ መንገድ ከ36ኛው እስከ 39ኛው ደቂቃ ያለው፣ እኛ በጣም የምንወደው የመስታወት ትዕይንት፣ አዳራሹን እንዳደከመ አየን። 3 ደቂቃ የነበረውን ወደ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አወረድነው።

ሰዓቱን ስትመርጡ አዛኑን አስቡ። መግሪብ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት፣ በደሴ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ይለያያል። በ11 ሰዓት ተኩል ብትጀምሩ አዛኑ የተውኔቱ ጫፍ ላይ ይወድቃል፤ ግማሹ ተመልካች ለሶላት መነሣቱን «ጠልቶት ወጣ» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። እኛ አንድ ቀን እንዲያ ተሳሳትን፤ አሥራ አንድ «ወ» በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስናይ ተደናገጥን። አስር ሰዓት ተኩል ከተጀመረ ከአስር (የከሰዓት በኋላው) ሶላት በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ትውላላችሁ፤ ለውይይትም ግማሽ ሰዓት ይተርፋል፤ ሰውም ባጃጅ ሳያጣ ይገባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት። ዝናቡ ሲወርድ ሹክሹክታ ቀርቶ ጩኸትም አይሰማም።

አሁን ወደ መብራቱ። በ44ኛው ደቂቃ አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ የሴትየዋ ትንፋሽ ብቻ ለ40 ሰከንድ ይሰማል። በጽሑፉ ላይ የልባችን ቦታ ነበረ። መብራቱን በአንዴ ስናጠፋው ከመሐል አንድ ሰው «ሄደ!» አለ፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ስልኮች በሩ፤ አንዳንዱም ለተዋናይቷ እንዳትደናቀፍ ብሎ በደግነት አበራላት። መብራት በሚሄድበት አገር ጨለማ የሥነ ጥበብ ምልክት ከመሆኑ በፊት የመብራት መሄድ ነው። ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ሁለቱን ፓውዛዎች በአንዴ ማጥፋት ትተን በ15 ሰከንድ ቀስ እያልን አደበዘዝናቸው፤ መብራት ሲሄድ ቀስ ብሎ አይሄድምና ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ከምድጃው ውስጥ ፍሙ እንዲታይ ተውነው። ፍሙ እንደቀላ ካለ ሰው ስልኩን አይነካም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ፣ ጭሱ ካለቀና ደህና ከቀላ በኋላ አስገቡት፤ ከትርኢቱ 30 ደቂቃ በፊት ማያያዝ ይበቃል። የከሰል አየር ራስ ከማሳመም አልፎ ስለሚገድል ሁለት መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ሳቅ ብዙ አዘጋጅን ያስቆጣል። «የሰው ስቃይ እያዩ ይስቃሉ» ይባላል። ወረቀቶቹን ስናይ ግን ሦስት ዓይነት ሳቅ ነበረ። በ19ኛው ደቂቃ ሴትየዋ ለዘጠኝ ባዶ መቀመጫ ቡና ትቀዳለች፤ እንግዶቹን በየስማቸው ትቀበላለች፤ «ኧረ ቶናውን ሳትጠጪ!» እያለች አንዷን ተቆጥታ ታስቀምጣለች። እዚህ ላይ ሳቁ ከሴቶች ይጀምራል፤ አጭር ነው፤ ዓይናቸው ከመድረኩ አይነቀልም። የማወቅ ሳቅ ነው፤ እንዲህ የምትል አክስት ሁሉም አላቸው። መነካት የለበትም። በ33ኛው ደቂቃ አንድ እግር ጫማውን እንደ ልጅ ትገሥጸዋለች። ይኸኛው ሳቅ ከኋላ ከወጣቶቹ ይነሣል፤ ሲስቁ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የጭንቅ ሳቅ ነው። ሦስተኛው የኛው የጥፋት ሳቅ ነው፦ ነጠላዋ በርጩማው ሚስማር ተይዞ ሲጎትታት። መድኃኒቱ ሚስማሩን መንቀል ነው።

የጭንቁ ሳቅ ሲመጣ ተዋናይቷ መጀመሪያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሳቁን ልትበልጠው ሞከረች። ሳቁ አደገ። ቀጥሎ ፍጥነት ጨመረች። ሳቁ ወደ መሐል ረድፍ ተዛመተ። ቀድሞ የጨነቀው ሰው ተዋናይቷ ስትፈጥን ቀልድ ነው ይላል። በሦስተኛው ቀን እጇን ጫማው ላይ አስቀምጣ፣ 3 ሰከንድ ሳትንቀሳቀስ ቆይታ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ደገመችው። ሳቁ በራሱ ተቆረጠ፤ በወረቀቶቹ ላይ ከ«ሳ» ቀጥሎ ወዲያው «ከ» ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በአንዱም ቀን አልተለወጠም። ሰከንዶቹን በልምምድ ላይ ቆጥራችሁ አስለምዱ፤ መድረክ ላይ 3 ሰከንድ ለተጫዋቹ 10 ይመስለዋል፤ ቀድሞ ይሰብረዋል።

ቋንቋው ላይ ያጋጠመንን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ በአማርኛ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማልና። የሴትየዋ ንግግር ሲሰበር መጀመሪያ የሚወድቀው ግሡ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ግስ የጎደለው ዓረፍተ ነገር አየር ላይ ይቀራል። «ውሃውን ከቧንቧው…»፣ «በሩን በቁልፍ…» ብላ ትቆማለች። ደሴ ደግሞ ለመድረክ መልስ መስጠት የለመደች ከተማ ናት፤ የወሎ ላሊበላ ኪነት የተባለው የዘፈን ቡድን የወጣበት አገር ነው፤ ዘፋኝ ሲጠራ አዳራሹ ይቀበላል። ስለዚህ ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት እናት «ቆለፍሽው!» አለቻት። ቀጥሎ ሌላዋ «ቀዳሽው እኮ!» አለች። መጀመሪያ ረብሻ መስሎን በሚቀጥለው ቀን በር ላይ «እባካችሁ በዝምታ» ልንል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያስቀመጥነውን ድምፅ መቅጃ ስንሰማ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሚመልሱላት የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወይም ስምንት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ከዚያ ይተዋሉ። የሚተዉበት ቦታ የሴትየዋ ነገር የገባቸው ቦታ ነው። ማሟላት እንደማይረዳት አውቀው ያቆማሉ። ያንን ቦታ በጽሑፉ ላይ በቀይ አሰመርንበት፤ ከሱ በፊት የነበሩትን ማብራሪያዎች ሁሉ ቆረጥን። በአንዱ ቀን ሳይቆም እስከ አሥራ ሁለት ሄደ፤ ምክንያቱ የተዋናይቷ ዕረፍት እኩል እኩል መሆኑ ነበር። እኩል ከሆነ ጨዋታ ይሆናል። አራተኛውን እንድታረዝመው፣ አምስተኛውን ወዲያው እንድታስከትል አደረግን።

የመጨረሻው ስብርባሪ «እኔ እኮ…» ብቻ ነው። ማንም ግስ የለውም ለሱ። በአራተኛው ቀን እዚያ ላይ አንዲት ሽማግሌ እናት ዝቅ ባለ ድምፅ «አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት፤ አይዞሽ ማለት ነው። ሦስቱም መዝጋቢዎች አንድ ዓይነት ጽፈውታል። ተዋናይቷ ወደ ድምፁ ዞር አለች፤ አልመለሰችም፤ እንዝርቱን አነሣች። ከልብ የምመክረው ይህን ነው፦ ተዋናዩ ከአዳራሹ ቃል ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይለማመድ። መስማት ይፈቀዳል፣ መዞርም ይፈቀዳል፣ መመለስ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው የቋንቋ ችግር የማይታይ ነው። ሴትየዋ ከ«አልኩ» ወደ «አለች» ትሻገራለች፤ ስለራሷ እንደ ሌላ ሰው ማውራት ትጀምራለች። ልዩነቱ ያለው በግሡ ጭራ ላይ ነው፤ ጭራው ደግሞ ትንፋሽ የሚያልቅበት ቦታ ነው። የኋላ ረድፍ ሰዎች በውይይቱ ላይ «እህቷ ምን ሆነች?» ብለው ጠየቁ። እህት የለችም። ተዋናይቷ ከመጨረሻው ቃል በፊት ትንፋሽ እንድትወስድና «አለች» ባለች ቁጥር መስታወቱን እንድታይ አደረግን፤ ጥያቄው ቀረ።

እንቅስቃሴው ላይ የሠራነው ስህተት ከሁሉም ከበደ። በ40ኛው ደቂቃ ተዋናይቷ ተንበርክካ ራሷንና ትከሻዋን በክብ ታዞር ነበር፤ በስምንት ስምንት ምት። ወሎ ላይ ይህን ያየ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያያል፤ ዛር ተነሣባት። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ጭብጨባ ተጀመረ፤ ምቱን ያዘ፤ እልልታ ተጨመረበት። ማንም ሊያፌዝ አይደለም፤ ዛር ለተነሣበት ሰው የሚደረገውን ነው ያደረጉት። በውይይቱም ወሬው ሁሉ «ምን ይላል ዛሯ? ምን ይፈልጋል?» ሆነ። ስለ ዛር መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ነው፤ የኛ ተውኔት ግን ማንም ሊያነጋግረው የሚችል ነገር ያልያዛትን ሴት ይመለከታል። የራሷን መዞር አስቆምን፤ እንቅስቃሴውን ወደ ጣቶቿ አወረድነው፤ ቁጥሩን አምስት፣ ሦስት፣ ሰባት አደረግነው። ሊጨበጨብለት አይችልም። ትዝታ ስታንጎራጉርም ያው ነው፤ አዳራሹ አብሯት ያንጎራጉራል፤ ልቡም ወደ ናፍቆት ይሄዳል። የመጨረሻዋን ድምፅ እንድታስቀር ብቻ አደረግን፤ ማንጎራጎሩ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የቆርቆሮ በር የሚመታ ድምፅ ነበረን። አንድ ቀን ብቻ ተጠቀምንበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷቸዋል፤ ድንገተኛ ጓ የሚል ድምፅ ሰዉን በወንበሩ ላይ አኮማተረው፤ አንድ ሰው ወደ በሩ ሮጠ። ያንን እንደ «ጠንካራ ምላሽ» መቁጠር በደል ነው። በምጣድ ላይ ጭራሮ በቀስታ የሚጎተት ድምፅ ተካነው። ከዚያ ወዲህ ከመጀመራችን በፊት ምን ዓይነት ታሪክ እንደሆነ በአንድ ደቂቃ እንናገራለን፤ በየረድፉ ዳር ሁለት ወንበር ባዶ እንተዋለን፤ ከሚወጣ ሰው ጋር አብሮ የሚወጣ፣ ውሃ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው እንመድባለን። የአእምሮ ጤና ባለሙያ በውይይቱ ላይ ይኑር፤ ሴትየዋን በበሽታ ስም እንዲሰይማት ግን አትጠይቁት።

ውይይቱን ያዋቀርነው አሜሪካዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 ባበጀችው ባለ አራት ደረጃ ዘዴ ላይ ተመሥርተን ነው። መጀመሪያ ተመልካቹ ምን እንደነካው ይናገራል፤ ቀጥሎ ሠሪው ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ተመልካቹ ፍርድ ያልተጫነው ጥያቄ ያቀርባል፤ በመጨረሻ፣ ሠሪው ከፈቀደ፣ አስተያየት ይሰጣል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ «ለምን» የሚለው ቃል አስቸገረን። «ለምን አንድ እግር ጫማ?» በአማርኛ ክስ ይመስላል፤ ተዋናዮቹ መከላከል ይጀምራሉ። አወያይዋ «ጫማው አንድ እግር መሆኑ ምን እንዲያሳየን ነው?» ብላ እየመለሰች ታስተካክለዋለች። አራተኛው ደረጃ ደግሞ ለአዛውንት አይሆንም። የ70 ዓመት አባት ከልጅ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ሊጠይቁም አይገባም። አወያይዋ ራሷ «አባቴ፣ የሚነግሩን ካለ ልጆቹ ሊሰሙ ተዘጋጅተዋል» ትላቸዋለች፤ ፈቃዱ በዚያ ተሰጠ።

አዛውንት ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ሁሉ «እሳቸው እንዳሉት» ይላል። ወጣት አስቀድሞ ማናገርም ነውር ነው። እኛ አዛውንቱ በዱአ እንዲከፍቱ አደረግን፤ ከዚያ ስድስት ስድስት ሰው ሆኖ ቡና ተይዞ ይወራል፤ በመጨረሻ እንደገና እሳቸው ይዘጋሉ። ሴቶች ብቻቸውን በተቀመጡበት ክብ ወሬው በእጥፍ ይረዝማል። ሰው ሴትየዋ የሆነችውን የሚጠራበትን ቃል ለብቻ ጻፉት፦ አበደች፣ ተለከፈች፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጨነቃት፣ ደከማት፣ ጠፋችብን። በመጀመሪያው ቀን «አበደች» በየክቡ ነበረ። የራሷን መዞር ካስቆምንና ጫማው ላይ ዝም ካለች በኋላ «ደከማት» እየበዛ መጣ። እኔ ከጭብጨባ ይልቅ ይህን ቃል አምናለሁ።

በየቀኑ የተነሣው ጥያቄ «ምን ሆና ነው?» ነው። አንዳንዱ ምክንያቱን እንድንጨምር አጥብቆ ለመነን። በሦስተኛው ቀን ከባሏ የመጣ ደብዳቤ አስገብተን ሞከርን። ውይይቱ በሙሉ ስለ ባል ሆነ፤ ሴትየዋን የጠቀሰ አልነበረም። ደብዳቤውን አወጣነው። ጥያቄው ግን ከንቱ አልነበረም፤ የተነሣው ሁሌ ከ10ኛው ደቂቃ ትዕይንት ጋር ተያይዞ ነው። እዚያ ላይ ቁልፉን አንሥታ ትደብቀዋለች፤ ሰው ምሥጢር ያለ ይመስለዋል፤ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ቁልፉን እንድታጥበው አደረግን። ጥያቄው ባይጠፋም ቀነሰ።

መጻፍ ለማይችል ወይም ለማይፈልግ ሰው በመውጫው ላይ ከመድረኩ ዕቃዎች አምስቱን፣ ከፊታቸውም አምስት ሲኒ አስቀመጥን፤ ለእያንዳንዱ ሰው በመረጠው ዕቃ ሲኒ ውስጥ የሚጥለው አንድ ሽምብራ ሰጠን። «የትኛው አብሮሽ ወደ ቤት ይሄዳል?» ይባላል። መጀመሪያ ቀን ሽምብራው ሁሉ በሩ አጠገብ ያለው ሲኒ ውስጥ ገባ፤ ሰው ይጋፋል፤ የደረሰበት ላይ ይጥላል። ጠረጴዛውን ከበሩ 4 እርምጃ አራቅነው፤ የዕቃዎቹን ቅደም ተከተል በየቀኑ ቀየርን፤ አጠገቡ ሰው እንዳይቆም አደረግን።

ኮምቦልቻ ላይ ምላሹ ሌላ ነበረ። ከተማው ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ያለ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ነው፤ ተመልካቹ ውስጥ ክር የሚያውቅ ሰው አለ። ሳሉ ቀነሰ፣ ሳቁም ቀነሰ፤ በ50ኛው ደቂቃ ላይ ግን ልቃቂቱ ሲተረተር ሁለት ሦስት ሰው «ፈትል አይደለም!» አለ። ልክ ናቸው። የእጅ ፈትል ሲጎተት እየተበጠሰ ስላስቸገረን የፋብሪካ ክር ጠቅልለን ነበር። ለድር የሚሆን ጠንካራ ክር ነው፤ ሴት በእንዝርት የምትፈትለው ዛሬ ዛሬ በብዛት ለማግ ነው፤ ለስላሳና ጎርበጥ ያለ ነው። ለሁለተኛው ቀን ከላይ 6 ሜትር የእጅ ፈትል፣ ከሥር 40 ሜትር ድር አድርገን ጠቀለልነው፤ መጋጠሚያውን ሳንቋጥር በምራቅ አጣመርነው። ፈትሉ በ51ኛው ደቂቃ ላይ፣ ልክ መጋጠሚያው ጋ፣ ተበጠሰ። ከፊት ረድፍ የተሰማው ከንፈር መምጠጥ በድምፅ መቅጃው ላይ ከተዋናይቷ ትንፋሽ ይጎላል።